ለአንገቴ የተሰጠ ደብተር

ጁን 2፣ ማክሰኞ። አንገት፦ 3

ይህ ደብተር የተሰጠው ለአንገቴ ነው። የልጅ ልጄ አኔሊዝ ከምትሠለጥንበት ሆስፒታል ለሁለት ቀን እረፍት መጥታ ስትመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችውና፣ የአንገቴን ሕመም በየቀኑ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር እንድመዘግብበት አዘዘችኝ። «ቁጥሩን ብቻ ነው፣ አባባ። ስብከት አልፈልግም» አለችኝ።

በሴዳር ቤንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አምሳ አንድ ዓመት በቅስና ያገለገለ ሰው አንዲት ቁጥር ጽፎ ደብተር መክደን እንዴት ይቻለዋል? ስለዚህ ቁጥሩን ከላይ አኑሬ፣ ከሥር ጥቂት ማብራሪያ እጨምራለሁ። ትእዛዟን መተላለፍ አይደለም፤ ማብራሪያ ከስብከት ይለያል።

ማብራሪያ። አኔሊዝ የሦስት ዓመት ሥልጠናዋን በዚህ ወር መጨረሻ ትፈጽማለች። የተማረችው የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ነው፤ በዚሁ በሚዙሪ፣ ከደጃችን በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ የተወለደ ሙያ። ሌላው ሐኪም የሚማረውን ሁሉ ይማራሉ፤ በዚያ ላይ አጥንትንና ጅማትን በእጅ ማቃናት ይጨምራሉ። ጎረቤቴ ኦርቪል ትሪምብል አርባ ዓመት ሙሉ በእንዲህ ያለ ሐኪም እየታከመ ኖሮ፣ ዛሬም «ወጌሻችን መቼ ነው የምትገባው?» ይለኛል።

ጁን 6፣ ቅዳሜ። አንገት፦ 3

የነገሩን ክብደት ለመመዝገብ ያህል። ልጅቱ ለትምህርቷ የተበደረችው ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከነጣሪያዋና ከነደወሏ ብትሸጥ ይህን አታወጣም። ነገር ግን ግዛቱ፣ ሐኪም ባጣ ወረዳ አምስት ዓመት ለሚያገለግል አዲስ ሐኪም፣ ዕዳውን በየዓመቱ እየከፈለ ይጨርስለታል። እኛ ወረዳ ያለን ሐኪም አንድ ብቻ ነው፤ ዶክተር ቢክል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ኦገስት 31 ቀን ክሊኒኩን እንደሚዘጉ አስታውቀዋል። አኔሊዝ በማግስቱ እንድትተካቸው ስምምነቱ ተፈርሟል።

አንድ ማሠሪያ አለው። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሙሉ የሙያ ፈቃዷን በእጇ ይዛ ሥራ መጀመር አለባት። አንድ ቀን ካለፈ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ የዕዳ እፎይታውም ይቀራል። ያን ጊዜ የሚሻላት በካንሳስ ሲቲ የሚጠብቃት ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ደመወዙ ብዙ ነው፤ ከዚህ የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ይርቃል።

እኔ ለራሴ አላሰብሁም። ባለቤቴ ኤልፍሪዳ ካረፈች ጀምሮ ለብቻዬ መብላት ለምጃለሁ።

ጁን 11፣ ሐሙስ። አንገት፦ 4

ለፈቃዷ የላከችው የጣት አሻራ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ። በቀን ስንት ጊዜ በመድኃኒት የሚታጠብ እጅ መስመሩ ተፍቆ ያልቃል አሉ፤ መሣሪያው ሊያነበው አልቻለም። ሦስቱን የፈቃድ ፈተናዎች አልፋ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ተምራ፣ አሁን የራሷ ጣት የራሷ መሆኑን ማስመስከር አቃታት።

ይህን በእህል ጎተራው ደጅ ባለችው ምግብ ቤት ለኦርቪል ነገርሁት። «ጣቷ ምልክት ከሌለው ባንክ ብትዘርፍም አትያዝም ማለት ነው። ዕዳዋን በዚያው ትክፈለዋ» አለ።

ጁን 15፣ ሰኞ። አንገት፦ 4

ዛሬ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሐኪሞችን ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ ቦርድ ስለ ጠባይዋ ከሐኪሞች የምስክር ደብዳቤ ጠይቋል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጋትን ሰው ግን አልጠየቀም። ይህ ጉድለት ነው። ሰውን በሥራው ብቻ የሚመዝን ሚዛን ግማሽ ሚዛን ነው። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጽፍላቸው ወስኛለሁ።

ጁን 16፣ ማክሰኞ። አንገት፦ 2

ደብዳቤው ተፈጸመ። ሰባት ገጽ ሆነ፤ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ አስተዳደጓ፣ ሁለተኛው ስለ ትሕትናዋ፣ ሦስተኛው ስለ እጇ ጸጋ። ለሁለተኛው ክፍል ማስረጃ ያደረግሁት ባለፈው ወር የነገረችኝን ነው፤ አንገቴን ዳግመኛ እንድታይልኝ ብለምናት «ፈቃዴ እስኪወጣ ሁለተኛ እጄን አላሳርፍብህም» ብላኛለች። ምን ዓይነት ትሕትና ነው!

ሦስተኛው ክፍል ግን ምሳሌ ይፈልግ ነበር። ያለ ምሳሌ የሚቀርብ ትምህርት መስኮት የሌለው ቤት ነው። የትንሣኤን እሑድ ታሪክ ጻፍሁ። በዋዜማው አንገቴ ተቆልፎ ራሴን ማዞር ተስኖኝ ነበር። አኔሊዝ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገችኝ። በማግስቱ ጠዋት ቀና ብዬ ቆሜ ዘመርሁ። ከቅዳሴው በኋላም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በሕዝቡ መካከል ስትዘዋወር፣ «በአንድ ቀን ሰባት ሰዎችን በእጇ ፈወሰች፤ ከአንዳቸውም ሳንቲም አልተቀበለችም» ብዬ ደመደምሁ።

በኮምፒውተር የጻፈችልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ቨርና ሆልሸር ናት። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ፣ «ይህን ደብዳቤ የጠየቀዎት ሰው አለ?» አለችኝ። የለም አልኋት። «አኔሊዝ አይታዋለች?» አለችኝ። በጎ ሥራ በስውር ሲሆን ይበልጣል ብዬ መለስሁላት። ቨርና ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ትንሽ ትጠራጠራለች።

ጁን 18፣ ሐሙስ። አንገት፦ 1

ተላከ። በአደራ ደብዳቤ።

ጁን 30፣ ማክሰኞ። አንገት፦ 2

አኔሊዝ ሥልጠናዋን ፈጽማ ዕቃዋን ጭና ገባች። ሦስተኛው አሻራዋ ተነቧል። «አሁን የቀረ ነገር የለም፣ አባባ። መጠበቅ ብቻ ነው» አለች። ፊቷ እንደ ልጅነቷ ነበር። ስለ ደብዳቤው ልነግራት ፈለግሁ፤ ነገር ግን ፈቃዱ በመጣ ዕለት ብነግራት ደስታዋ እጥፍ ይሆናል ብዬ ተውሁት።

ጁላይ 8፣ ረቡዕ። አንገት፦ 3

ለኦርቪል ግን ነገርሁት። በደብዳቤው ከተፈወሱት አንዱ መሆኑን ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔን? እኔንማ ጀርባህን ካመመህ ዶክተር ቢክል ጋ ሂድ፣ ቦርጭህንም ቀንስ ነው ያለችኝ።»

«ምክርም ፈውስ ነው» አልሁት።

«አልሄድኩም’ኮ። ቦርጩም ይኸው።»

የኦርቪል ትዝታ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደከመ መምጣቱን አስተውያለሁ።

ጁላይ 13፣ ሰኞ። አንገት፦ 6

ከቦርዱ ደብዳቤ መጣ። ቃል በቃል አስቀምጠዋለሁ፦ «ከአንድ የማኅበረሰቡ አባል በጽሑፍ በደረሰን መረጃ መሠረት፣ አመልካቿ ለሥልጠና ከተፈቀደላት ሆስፒታል ውጭ፣ ያለ ፈቃድ፣ በአንድ ቀን ሰባት ሰዎችን ማከሟ ስለተገለጸ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ የፈቃድ ጥያቄዋ ታግዷል።» ኦገስት 20 ቀን በግዛቱ ዋና ከተማ ቀርባ ታስረዳለች።

አኔሊዝ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ማን ነው እንዲህ የሚጠላኝ?» አለች።

እንዲህ ያለ ክፉ ሰው በመካከላችን ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከእኛው ጋር እየበላ፣ ከእኛው ጋር እየዘመረ፣ በስውር ብዕሩን አንሥቶ የአንዲትን ብላቴና እንጀራ የሚያሰናክል! ምሽቱን ሙሉ ስለዚህ ሰው ነፍስ ጸለይሁ። ጠንከር ያለ ጸሎት ነበር።

ጁላይ 14፣ ማክሰኞ። አንገት፦ 7

አኔሊዝ ሊጠሏት የሚችሉ ሰዎችን ዝርዝር አብረን እንድንጽፍ ጠየቀችኝ። አምስት ስም ጻፍን። ኦርቪልን አምስተኛ አደረግሁት፤ ወጌሻ ይላታልና። ራሴን አላስገባሁም፤ ዝርዝሩ የጠላቶች ነበር።

ሰባት የሚለው ቁጥር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጁላይ 15፣ ረቡዕ። አንገት፦ 7

ሰባት በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ቁጥር ነው። ሌላ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል።

ጁላይ 17፣ ዓርብ። አንገት፦ 9

ቨርና ያስቀረችልኝን ግልባጭ በሬን ዘግቼ አነበብሁት። ሰባተኛው ገጽ ላይ ቆምሁ። ቦርዱ የጻፈውን ቃል ከእኔ ቃል ጎን ለጎን አኖርሁት። ሌላ የሚጨመር ነገር የለም።

ለዚያ ክፉ ሰው የጸለይሁት ጸሎት ያን ያህል መጠንከር አልነበረበትም።

ጁላይ 19፣ እሑድ። አንገት፦ 8

አልነገርኋትም። ራት ላይ ልጀምር ስል የካንሳስ ሲቲው ሆስፒታል ደወለላት። ክፍት ቦታው እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ይጠብቃታል አሏት። «አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ» አለቻቸው። እስከ ዛሬ «አስብበታለሁ» ብላቸው አታውቅም ነበር።

ነገ እነግራታለሁ።

ጁላይ 20። አንገት፦ 8

ራሴን አሞኛል ብላ በጊዜ ተኛች። የታመመን ሰው በክፉ ወሬ መቀስቀስ አይገባም።

ጁላይ 21። አንገት፦ 8

ዝናብ ነበር።

ጁላይ 23፣ ሐሙስ። አንገት፦ 10፤ በእውነት

አንገቴ ተቆለፈ። አኔሊዝ አየችኝ፤ እጇ ወደ እኔ ተዘረጋና መልሳ ሰበሰበችው። ክንዷን አጣምራ፣ «አልችልም፣ አባባ። አሁን ጭራሽ አልችልም» አለች። ዶክተር ቢክል ደግሞ እስከ ሰኞ ዓሣ ማጥመድ ሄደዋል።

ስለዚህ ወደ ኦርቪል ሄድሁ። ኦርቪል ሐኪም አይደለም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም፤ ማንም ከእርሱ ምንም አይጠብቅምና። ጋጣው ውስጥ በርሜል ላይ አስቀመጠኝ። ላም ስትወልድ ጥጃ የሚስብበትን የለሰለሰ ገመድ አመጣ። አገጬ ሥር ፎጣ አድርጎ ገመዱን አሰረና ጫፉን በተራዳው ላይ አሻገረ።

«ልስብ?» አለ።

«ቀስ አድርገህ» አልሁት።

«ጥጆቹ እንዲህ አይሉኝም።»

ገመዱን እንደ ያዘ ሳለ፣ እኔም ማምለጥ ሳልችል፣ «ያ ደብዳቤ ነው አይደል?» አለኝ። በዚያ ሁኔታ ራስ መነቅነቅ አይቻልም።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው፣ ቄሴ» አለ። «ንገራት።»

«ተገቢውን ጊዜ እየጠበቅሁ ነው።»

«አሥር ቀን ሆነህ። ጥጃ ቢሆን ይሞት ነበር።»

ከዚያ ሳበ። ስለ ውጤቱ አልጽፍም። አሁን ግራ ብቻ ነው ማየት የምችለው።

ኦገስት 1፣ ቅዳሜ። አንገት፦ 7

ወጣቱ ቄሳችን ለዕረፍት ስለሄደ ነገ እንድሰብክ ተጠይቄአለሁ። የዕለቱን ንባብ ለማየት ከፈትሁት። ነቢዩ ናታን በንጉሡ ፊት ቆሞ፣ የአንድ ድሃ በግ ስለ ወሰደ ባለጸጋ ታሪክ ነግሮት፣ ንጉሡ በዚያ ባለጸጋ ላይ ከተቆጣ በኋላ ጣቱን ወደ ንጉሡ የሚያመለክትበት ምዕራፍ ነው።

ለቨርና ደውዬ በሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌ ብንለውጠው ይሻላል አልኋት። የቅዳሴው ወረቀት ታትሟል አለች። ስንት ቅጂ ነው ብላት፣ «ዘጠና። ምነው፣ ናታን ምን አደረገዎት?» አለችኝ።

ኦገስት 2፣ እሑድ። አንገት፦ 9

ሰበክሁ። አኔሊዝ በሦስተኛው ወንበር በስተቀኝ ነበረች፤ ወደዚያ መዞር ስለማልችል አላየኋትም። ይህን እንደ ምሕረት ቆጠርሁት። ኦርቪል ግን በግራ፣ ከፊት ለፊቴ፣ እጁን ቦርጩ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ ሰዎች ሁለቱንም ወገን ይዘውብኛል።

ንጉሡ በሌላው ሰው በደል ላይ ስለ መቆጣቱ ስናገር ድምፄ ተቆረጠ። ምእመናን ልባቸው እንደተነካ ተናገሩ። የክሉጌ መንታ ልጆች እናት አለቀሰች። በአምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሰበክሁት ሁሉ የበለጠው ይህ ነው አሉኝ። ይህን የጻፍሁት ለመመካት አይደለም፤ ለመዋረድ ነው።

ምሳ ላይ ነገርኋት። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያው ግን ከአፌ ወጥቶ ጠፋ። «ጽሑፉን ወደ ቦርዱ የላክሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ሹካዋን አስቀመጠች። «ስንት ገጽ?» አለች።

«ሰባት።»

«ሰባት ገጽ። ሰባት ሰው።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «አባባ፣ እኔ የነካሁት አንተን ነው። አንድ ሰው። የቀሩትን ስድስት ማን ነው የፈወሳቸው?»

ለምሉዕነት ነው አልኋት። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ምንኛ ባዶ እንደሆነ አወቅሁ።

አልጮኸችም። ተነሥታ ሳህኗን አጠበች። ከዚያ ያንኑ ሳህን እንደገና አጠበች።

ኦገስት 4፣ ማክሰኞ። አንገት፦ 8

«ጨው አቀብለኝ።» ዛሬ የተናገረችኝ ይህን ብቻ ነው። አቀበልኋት።

ኦገስት 7፣ ዓርብ። አንገት፦ 7

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በአደራ ደብዳቤ ነበር የላክሁት።

ዛሬ አኔሊዝ ከዶክተር ቢክል ጋር ተማክራ መጣች። ለቦርዱ የሚቀርበው መልስ አጭር ነው አለችኝ፤ አንዱ እውነት ነው፣ ስድስቱ አይደሉም። «ግን እኔ ብናገር ራሷን ለማዳን ነው ይላሉ። የጻፍኸው አንተ ነህ። አንተ መጥተህ መናገር አለብህ» አለችኝ።

እመጣለሁ አልኋት። በዚያ ማለት የሚገባኝን በሦስት ክፍል አዘጋጅቼ ላሳይሽ ብላት፣ እጇን አነሣችና፣ «በአንድ» አለች።

ኦገስት 19፣ ረቡዕ። አንገት፦ 7

ነገ ነው። ሸሚዝ ተተኮሰ። አንዱን ክፍል አሳጠርሁት፤ ከዚያም ያሳጠርሁትን ቀደድሁት። የሚቀረው እውነቱ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። በሕይወቴ ከግማሽ ገጽ ጋር ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

ኦገስት 20፣ ሐሙስ። አንገት፦ 5

የመኪናውን መስተዋት ለማየት አንገቴ ስለማይዞር የነዳን ኦርቪል ነው። አኔሊዝ ከኋላ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ሰነዶቿን ታገላብጥ ነበር። ኦርቪል «የት እንደምትሠሪ ካላወቅሽ እኔ ጋጣ ውስጥ ቦታ አለ፤ አያትሽን ያዳንሁበት በርሜል አለ» ቢላትም አልሳቀችም።

በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት የቦርዱ አባላት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ዶክተር ፌርባንክ ይባላሉ፤ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሴት። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልሁ። ከዚያ ደብዳቤዬን ከፊታቸው አነሡት። ጥቂት መስመሮች በቢጫ ቀለም ተቀብተዋል። አንድ ጽሑፌ ይህን ያህል በጥንቃቄ ሲነበብ የመጀመሪያው ነው።

«ይህ ደብዳቤ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሰባቱን ሰዎች በስም ይጥሩልን።»

ጠራኋቸው። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ አንገቴን አቃንታልኛለች፤ ይህ እውነት ነው አልሁ። ሁለተኛው ከኋላ የተቀመጠው ኦርቪል ትሪምብል ነው፤ ወደ ሐኪሙ እንዲሄድ ነገረችው። ሰብሳቢዋ ከመነጽራቸው በላይ ወደ ኦርቪል አዩ።

«ሄዱ?»

«እስካሁን አልሄድኩም፣ እመቤቴ።»

ሦስተኛዋ ቨርና ሆልሸር ናት፤ አኔሊዝ አቅፋ ሳመቻት፤ ቨርናም ቀለል አለኝ ብላኝ ነበር። አራተኛውና አምስተኛው የክሉጌ መንታ ልጆች ናቸው፤ ክራቫታቸውን አስተካከለችላቸው። ስድስተኛው ሽማግሌው ሉትስ ነው፤ ጆሮው ስለማይሰማ ወንበሩን ወደ ፊት አቀረበችለት።

«ሰባተኛውስ?»

አኔሊዝ በግራዬ ስለነበረች ላያት ቻልሁ። ጉልበቷ ላይ እጆቿን እርስ በርስ ይዛለች። እነዚያ አሻራቸው የጠፋ እጆች።

«ሰባተኛ የለም» አልሁ። «ስድስት ለምሳሌ አይመችም።»

ከአባላቱ አንዱ ሳል ያዘው። ሰብሳቢዋ አልሳቁም። «ቄስ ኡልማን፣ ‘ፈወሰች’ ብለው ነው የጻፉት። በእርስዎ ሙያ እንዲህ ያለው ነገር ምን ይባላል?»

«በስብከት ወንበር ላይ ሆነን ማስዋብ እንለዋለን» አልሁ። «በቃለ መሐላ ፊት ግን ስሙ ውሸት ነው። ዋሽቻለሁ። እርሷ አላወቀችም፤ ደብዳቤውንም አላየችም። የተመሰገነችው በእኔ ኩራት ነው፤ የተከሰሰችውም በእኔ ኩራት ነው።»

ይህ ከአዘጋጀሁት ግማሽ ገጽም ያነሰ ነበር።

በጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጡ፣ እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩ፣ እንደ ገበሬ እጃቸው የሰፋ አዛውንት ሐኪም ነበሩ። «ሐኪሟ አንገትዎን ሲያቃኑልዎት፣ ክፍያ ጠየቁዎት?» አሉኝ።

«ሳህን እንዳጥብ አዘዘችኝ።»

«አጠቡ?»

«በማግስቱ።»

ሕጉን ገለጡ። የቤተሰብ ሰው በቤቱ ለቤተሰቡ ያለ ክፍያ የሚያደርገው እርዳታ ያለ ፈቃድ ሕክምና መሥራት ተብሎ እንደማይቆጠር የሚል አንቀጽ አነበቡ። ከዚያ ወደ አኔሊዝ ዞረው፣ አንቀጹ ቢያድናትም ጥበብ እንዳልነበረ፣ ሁለተኛ እንዳይደገም ነገሯት። «አይደገምም» አለች። ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል ተባልን። መቼ እንደሆነ አልተነገረንም።

ደጅ ወጥተን ስንቆም ኦርቪል ባርኔጣውን አደረገ። «አምሳ አንድ ዓመት ሰምቼሃለሁ። እንደዛሬው አጥረህ አታውቅም» አለኝ።

አኔሊዝ ሳቀች። ከጁላይ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ግን ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ኦገስት 27፣ ሐሙስ። አንገት፦ 6

ምንም። ቦርዱ እንዲፋጠን በትሕትና የሚያሳስብ አንዲት አጭር ደብዳቤ ልጽፍ ወደ ቨርና ሄድሁ። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት።

ኦገስት 31፣ ሰኞ። አንገት፦ 6፣ ከዚያ 2

ዶክተር ቢክል ዛሬ የመጨረሻ በሽተኛቸውን አይተው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አኔሊዝ ቁልፉን አላነሣችም። የካንሳስ ሲቲው ውል በቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ጫፉን አይቻለሁ።

ቨርና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ የቦርዱን የፈቃድ መዝገብ በየአምስት ደቂቃው እንደ አዲስ ትከፍተው ነበር። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ።

«ስሟ አለ» አለችኝ ቨርና። «ከጎኑ ቁጥር አለው። ‘የጸና’ ይላል።»

ለአኔሊዝ ቁጥሩን ነገርኋት። መዳፏ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ቁልፉን አነሣች።

ሴፕቴምበር 3፣ ሐሙስ። አንገት፦ 3

ወጥ ቤት ውስጥ እንድታየኝ ብጠይቃት ቀጠሮ ያዝ አለችኝ። ያዝሁ። ዛሬ እንደ ማንኛውም ሰው በተራ መጠበቂያው ተቀምጬ፣ ቅጽ ሞልቼ፣ ድርሻዬን ከፈልሁ። ከእኔ ፊት ኦርቪል ገባ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ፣ «አሁንም ቦርጩን ቀንስ አለችኝ፤ አሁን ግን በገንዘቤ ነው» ብሎኝ አለፈ።

ነጭ ጋዋን ለብሳለች። «አቶ ኡልማን፣ ይግቡ» አለችኝ፤ በሩ ሲዘጋ ግን፣ «ደብተሩን አምጥተሃል፣ አባባ?» አለች።

ሰጠኋት። ቁጥሮቹን ብቻ እየፈለገች ገጾቹን ገለጠች፤ ዓይኗ ግን ከቁጥሩ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። «ስብከት አልፈልግም ብዬህ ነበር» አለች። ቀጥላም አንድ ገጽ ላይ ቆመች። «ጁላይ 17 ዘጠኝ ይላል። ምን ሆነህ ነበር?»

«ያ አንገቴ አልነበረም» አልኋት።

ገጹን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው። ደብተሩን ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዛሬስ? ከዜሮ እስከ አሥር።»

ሰባት የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሰባት ብል የምታደርግልኝ እንክብካቤ የሚበልጥ መሰለኝ።

«አራት» አልሁ። አልጻፈችም። «ሦስት።»

ሦስት ብላ ጻፈች። አልጋው ላይ አስተኝታ ራሴን በሁለት እጇ ያዘች። ስለ እጇ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ «አሁን ዝም በል፣ አባባ» አለችኝ።

ዝም አልሁ።

አሁን ቤት ነኝ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አያለሁ። ከሥር ዜሮ ብዬ ልጽፍ ነበር።

አንገት፦ 1